ሙቅ ይሻላል ወይስ ቀዝቃዛ? ስለ ራስ መታጠቢያ ውሀ የጠየቃችሁን

ብርዱ ከገባ ወዲህ እዚህ ጎንደር የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፣ ራስ በምን አይነት ውሀ ይታጠብ ነው ነገሩ። አንዱ በሙቅ ካልሆነ አይፀዳም ይላል፣ ሌላዋ በሙቅ ከታጠብሽ ፀጉርሽ ያልቃል ተብያለሁ ትላለች፣ ፀጉር ቤት አንድ ነገር ይባላል እናት ደግሞ ሌላ ትላለች። ስለዚህ ይሄን አምድ ዛሬ ለሱ ብቻ ሰጥተነዋል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ሁሉም መልስ ላይ ተመልሼ የምመጣበት እሱ ስለሆነ ነው። ከራሳችን ላይ ወጥቶ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም፣ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ስንቆርጠው የማያመን ለዛ ነው። ሕይወት ያለው ቆዳው ነው። ደም የሚዘዋወርበት፣ ነርቭ ያለው፣ ወዙን የሚያወጣው፣ ፀጉሩን የሚያበቅለው እሱ ነው። ስለዚህ የውሀውን ሙቀት ስትመርጡ ለቆዳው ብላችሁ ምረጡ፣ ፀጉሩ ብዙም ግድ የለውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ማራኪ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። ጠዋት ብርዱ ስለማይቻል ውሀ አፍልቼ በጣም ሞቅ ባለ ነው ራሴን የምታጠበው፣ ሲነካኝ ደስ ይለኛል ማሳከኩም ወዲያው ይተወኛል፣ ግን ማታ ላይ ተመልሶ ይበላኛል፣ ነጭ ነጭ ነገርም ትከሻዬ ላይ ይራገፋል። ፎረፎር ነው ወይስ ድርቀት? ጓደኞቼ በቀዝቃዛ ታጠቢ ይሉኛል እኔ ደግሞ እሱን አልችልም።

መልስ፦ እታለም፣ በቀዝቃዛ ታጠቢ የሚሉሽ ጓደኞችሽ ለመምከሩ ይቀላቸዋል፣ የጎንደርን የታህሳስ ጠዋት ግን አንቺ ነሽ የምታጠቢበት። ደግሞም አያስፈልግም። ቀዝቃዛ መሆን የለበትም፣ የሚያቃጥል አለመሆኑ ይበቃል።

ምን እየሆነ መሰለሽ፣ የራስ ቆዳ ከላዩ በጣም ስስ የሆነ መከላከያ ሽፋን አለው፣ የሞቱ ሴሎች ተደራርበው በመሀላቸው ደግሞ ቅባት ያለበት ማለት ነው። ውስጥ ያለው እርጥበት ተኖ እንዳያልቅ የሚይዘው ይሄ ቅባት ነው። በጣም የሞቀ ውሀ ከሻምፖ ጋር ሲገናኝ ላይ ላዩን ያለውን ወዝና ቆሻሻ ብቻ አንስቶ አይቆምም ይሄንንም ቅባት ጠርጎት ይሄዳል፣ ከዛ እርጥበቱ ይተናል ቆዳው ይወጠራል ይቆጣል። ሙቁ ሲነካሽ ማሳከኩ ይተወኛል ያልሽው እውነት ነው፣ ሙቀቱ ሲበዛ የማሳከኩን ስሜት ለጊዜው ይውጠዋል፣ ግን ለጊዜው ነው። ሙቀት ራሱ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ማታ ላይ ብሶ ይመለሳል፣ አንቺም ታኪያለሽ፣ በጥፍር ይቆስላል፣ በሚቀጥለው ጠዋት ደግሞ እዛው የቆሰለው ላይ ሙቅ ውሀ ታፈስሺበታለሽ። እንዲህ እየተሽከረከረ ወራት የቆየባቸው ሰዎች አሉ፣ ሻምፖ እየቀያየሩ ውሀውን ግን አይነኩትም።

ልክ ስንት ይሁን ካልሽኝ ከሰውነትሽ ሙቀት ጋር የተቀራረበ፣ 37 ወይ 38 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ለብ ያለ የምንለው ማለት ነው። ከ40 ሲያልፍ ቆዳውን መጉዳት ይጀምራል። የራስ ወዝ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ስለሚለሰልስ ለብ ያለ ውሀ ከሻምፖ ጋር በደንብ ያነሳዋል፣ ከዛ በላይ ማሞቅ ንፅህና አይጨምርልሽም።

ቴርሞሜትር ከየት አመጣለሁ እንዳትይ፣ እንዲህ አድርጊ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሀ እዚህ 100 ዲግሪ ላይ አይደለም የሚፈላው፣ 93 አካባቢ ነው። የጀሪካን ውሀ ጠዋት 16 ዲግሪ ገደማ ነው ብለን ብናስብ ሁለት ጆግ የፈላ ለአምስት ጆግ ቀዝቃዛ ስትቀላቅዪ 38 አካባቢ ይመጣልሻል። ሁሌም ቀዝቃዛውን ሳፋው ላይ አስቀድሚ፣ የፈላውን ከሱ በኋላ ጨምሪበት፣ ተገላብጦ ከሆነ አንድ ስህተት እጅሽን ነው የሚያቃጥልሽ። ከዛ በክንድሽ የውስጥ በኩል ፈትኚው፣ በመዳፍሽ አይደለም፣ ምጣድና ጀበና የለመደ መዳፍ ይዋሻል። ክንድሽ ላይ ሞቀም ቀዘቀዘም የማትይው ውሀ እሱ ነው ልኩ። ሰባት ጆግ ደግሞ ቆጥቦ ለተጠቀመ ለአንድ ራስ ይበቃል፣ ውሀ በፈረቃ የሚደርሰን ሰዎች ይሄንን ማወቃችን ጥሩ ነው። ሮቶ ያለበት ግቢ ከሆነ የምትኖሪው ደግሞ ቅዳሜ ወይ እሁድ ከሰዓት ታጠቢ፣ ፀሀይ ሲመታው የዋለ ውሀ ከጠዋቱ በጣም ይለያል፣ ከሰልም መብራትም ይተርፍልሻል።

ኧረ ደግሞ አንድ ነገር፣ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ብዙውን ጊዜ በዛ ባልዲ ውስጥ በሚነከረው የማሞቂያ ሽቦ ነው ውሀ የሚያሞቀው። እባክሽን ሶኬቱን ሳትነቅዪ እጅሽን ውሀው ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ሞቀ አልሞቀ ብለሽ ለመፈተንም ቢሆን።

አሁን ወደ ነጩ ነገር ልምጣ። ድርቀትና ፎረፎር ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ መፍትሄያቸው ግን ለየቅል ነው። ድርቀት ከሆነ የሚራገፈው ደቃቅ፣ ነጭና ደረቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ እጅና እግርሽም በዚህ ወቅት ይደርቃል፣ ራስሽም የተወጠረ ይመስልሻል። እንደዛ ከሆነ ውሀውን ለብ ስታደርጊና የመታጠቢያ ቀኑን ስታራርቂ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ታያለሽ። ፎረፎር ከሆነ ግን ቅርፊቱ ተለቅ ያለ ወደ ቢጫ የሚያደላ ወዝ ያለው ነው፣ ቅንድብሽ ላይ፣ በአፍንጫሽ ጎንና ጎን፣ ጆሮሽ ጀርባም ሊወጣ ይችላል፣ የኛ አይነት ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከቦታው ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ትቶ ሊታይ ይችላል። ይሄኛው ማላሴዢያ ከሚባል ፈንገስ ጋር ይያያዛል፣ ፈንገሱ ሁላችንም ራስ ላይ አለ ወዛችንን እየበላ ነው የሚኖረው፣ አንዳንዱ ሰው ቆዳ ላይ ግን ቁጣ ያስነሳል። ቆሻሻነት አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዢልኝ፣ ፎረፎር ያለበት ሰው አልታጠበም ማለት አይደለም።

ፎረፎር ከሆነ ውሀ መቀየሩ ማሳከኩን ያስታግስልሻል እንጂ አያድንሽም። ፋርማሲ ሄደሽ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ሻምፖ ጠይቂ። የራስ ቆዳው ላይ ቀብተሽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማቆየት አለብሽ፣ ብዙ ሰው አረፋ አድርጎ ወዲያው ያጥበውና አልሰራልኝም ይላል። በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ወር ያህል ነው የተለመደው፣ ፀጉርሽ ከርዳዳና ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴም ይበቃሻል፣ ፀጉሩን ራሱን ኮንዲሽነር አድርጊለት። በአንድ ወር ካልተሻለሽ ወይ ውሀ መቋጠር ከጀመረ ወይ ፀጉርሽ ቦታ ለይቶ ከተነቀለ የቆዳ ሐኪም ይይሽ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው።

በየቀኑ ራስሽን የምትታጠቢ ከሆነ ደግሞ ተይው። የኛ ፀጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ወዙ ከቆዳው ተነስቶ እስከ ጫፍ አይደርስም፣ ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ወርዶ ይደርሳል። በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት አንዴ ለብዙዎቻችን በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ቲክቶክ ላይ እያዩ ይመጡና በሙቅ አጥበሽ መጨረሻ ላይ በቀዝቃዛ አለቅልቂልኝ፣ ሙቁ ፀጉሩን ይከፍተዋል ቀዝቃዛው ይዘጋዋል ይሉኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያዬ አይሰራም፣ በቀዝቃዛ ያጠብኩ ቀን አልፀዳም ብለው ያኮርፉኛል። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ፀጉር ላዩ እንደ ሳር ቤት ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ቅርፊት ነው፣ ኩቲክል ይባላል። ይሄ ቅርፊት ውሀ ሲሞቅ ብድግ ሲቀዘቅዝ ቁጭ የሚል ነገር አይደለም። ፀጉር ሙቅም ይሁን ቀዝቃዛ ውሀ ሲነካው ያብጣል፣ ከራሱ ክብደት 30 በመቶ የሚያህል ውሀ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። ቅርፊቱን ከሙቀት ይልቅ የሚያስነሳውና የሚያስተኛው ፒኤች የምንለው የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይጨምራል። የልብስም የገላም ደረቅ ሳሙና ፒኤቹ 9 እና 10 ይደርሳል፣ የራስ ቆዳ ደግሞ 5.5 አካባቢ ነው፣ እና በሳሙና የታጠበ ፀጉር የሚሻክረውና የሚያያዘው ለዚህ ነው። ኮንዲሽነር አብዛኛውን ጊዜ አሲድነት ስላለው ያስተኛዋል፣ ላዩንም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ያንን ብልጭታ የሚያመጣው ኮንዲሽነሩ ነው፣ በቀዝቃዛ ማለቅለቁ አይጎዳም የሚጨምረው ነገርም የለም ማለት ይቻላል። ደንበኛሽ ደስ የሚላት ከሆነ አለቅልቂላት፣ ግን በጥር ጠዋት አንገቷ ላይ የበረዶ ውሀ እያፈሰስሽ አታንቀጥቅጫት።

አልፀዳም የሚሉሽ ግን ትክክል ናቸው። ወዝ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት በቀዝቃዛ ውሀ ይረጋል፣ ሻምፖውም በደንብ አያነሳውም። መብራት ከሌለ በከሰልም በጋዝም ትንሽ ውሀ አሙቂ፣ መጀመሪያ የምታርሺበትና ሻምፖውን የምታነሺበት ለብ ያለ ይሁን፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ከቀዘቀዘም ምንም አይደለም። በዚህ ብዙ ሙቅ ውሀ ትቆጥቢያለሽ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ። ስለ ውሀው 20 ይሁን 38 እየተባለ ሲከራከር የሚውለው ፀጉር ቤት ውስጥ ፔስትራው 200 ዲግሪ ላይ ተሰክቶ ይጠብቃል። ውሀ ፀጉርን በሙቀቱ የሚጎዳው ነገር ከፔስትራ አጠገብ ሲቀመጥ ምንም ነው። ከ200 በላይ ኬራቲኑ ራሱ መፈራረስ ይጀምራል፣ ያልደረቀ ፀጉር ላይ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ያለው ውሀ እንፋሎት ሆኖ ፀጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል፣ ያ ጭስስ የሚል ድምፅ ስትሰሚ እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፔስትራ አታስነኪ፣ ዲግሪውን ዝቅ አድርጊ፣ አንዱን ቦታ ደጋግመሽ አትጎትቺው። ካስክም ቢሆን ጆሮዋን እያቃጠላት ዝም ብላ የምትቀመጥ ደንበኛ አለች፣ አፍራ ነው፣ አንቺ ጠይቂያት።

ሪላክሰር፣ ያ ከርዳዳ ፀጉር የሚዘረጋው ኬሚካል፣ የምትሰሪ ከሆነም የመታጠቡ ነገር እዚህ ጋ በጣም ወሳኝ ነው። ሪላክሰር ፒኤቹ 12 እና ከዛ በላይ የሆነ ኃይለኛ ነገር ነው፣ በዛ ቀን ወይ በዋዜማው የታጠበና የታከከ ራስ ላይ ከሆነ ያቃጥላል ያቆስላል። ደንበኛዋ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላ መታጠቧን ጠይቂ፣ ስታጥቢውም በለብታ ውሀ በደንብ እስኪለቅ፣ ከዛ ማርከሻ ሻምፖውን። ቆዳዋ ቆስሎ እያየሽ ዛሬ አይሆንም ማለት ደንበኛ አያስኮበልልም፣ ቢያስኮበልልም ይሂድ። ቀለም የተቀባችዋን ደግሞ ለብ ወዳለው ብቻ ሂጂ፣ በጣም ሙቅ ውሀ ቀለሙን ቶሎ ያስለቅቀዋል።

ጥያቄ፦ እናቴን ወክዬ ነው የምፅፈው፣ አዘዞ ነው የምንኖረው። እናቴ እንዲህ ብለሽ ፃፊልኝ አለችኝ፦ "እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጋ ቅቤ ነው የምቀባው፣ በጣም በሙቅ ውሀ ካልሆነ ደግሞ አይለቅም። አሁን ልጆቼ ቅቤውንም ሙቁንም ተይ እያሉ አስቸገሩኝ። ምን ላድርግ?"

መልስ፦ እሜቴ፣ ቅቤውን ተዉ ብዬ አልነግርዎትም። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱ እንዳይሄድም ይይዛል፣ ደረቅ ፀጉር ላይ ከብዙ የሱቅ ቅባት አያንስም። የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ፀጉሩን ይቀቡት እንጂ ቆዳው ላይ አይሹት፣ በተለይ ፎረፎር ካለብዎት፣ ያ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ፈንገስ ቅባት ወዳጅ ነውና ቆዳው ላይ ቅቤ ሲውል ሲያድር ይመቸዋል። ሁለተኛ ሰንብቶ ሳይሸት ይታጠቡት።

ስለ ውሀው ልጆችዎ ልክ ናቸው፣ እርስዎም ልክ ነዎት። ቅቤ በቀዝቃዛ አይለቅም፣ ይረጋል። ግን ለማቅለጥ የፈላ ውሀ አያስፈልገውም፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የራስዎ ሙቀት እንኳን ያቀልጠዋል፣ ለብ ያለ ውሀ ከበቂ በላይ ነው። ያልለቀቀዎት ውሀው ስላልሞቀ ሳይሆን ሻምፖው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። ፀጉሩን ሳያርሱ በፊት ትንሽ ኮንዲሽነር ቅቤው ላይ ይሹበት፣ ከዛ በለብታ ውሀ ሁለት ጊዜ በሻምፖ። በመጀመሪያው አረፋ አይወጣም፣ አይጨነቁ፣ በሁለተኛው ይወጣል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል የሙቀት ስሜትም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሀውን ልጅዎ ትፈትንልዎት።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሰሞኑን ራሴን ስታጠብ ፀጉሬ በእፍኝ ይነቀላል፣ አለቀስኩ። አማቴ በአራስነትሽ በቀዝቃዛ ውሀ ታጥበሽ ብርድ ገብቶሽ ነው አሉኝ፣ እውነትም አንድ ቀን ውሀው ቀዝቅዞብኝ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

መልስ፦ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ውሀውም አላጠፋም።

በእርግዝና ጊዜ በሆርሞን ምክንያት መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፣ ብዙ ሴት ያኔ ፀጉሯ የሚበዛው ለዛ ነው። ስትወልዱ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የቆየው ሁሉ ባንዴ እረፍት ውስጥ ይገባና ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይራገፋል። ያንቺ ሦስተኛ ወር መሆኑ ራሱ ይነግርሻል። በቀዝቃዛ ታጥባ የማታውቅም ይረግፍባታል። ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አብዛኛው ተመልሶ ይበቅላል፣ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው እና ግንባርሽ ላይ አጫጭር ቆመው ታያለሽ፣ እነሱ አዲሶቹ ናቸው።

በእፍኝ መሆኑ ስላስደነገጠሽ ይሄንንም እወቂው፣ ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። በሳምንት አንዴ ለሚታጠብ ሰው የሳምንቱ ተጠራቅሞ ነው በመታጠቢያው ቀን የሚወጣው። አራስ ስለሆንሽ ለብ ባለ መታጠቡን ቀጥይ፣ አማትሽም ለዛ ነው የሚሳሱልሽ፣ ቶሎ አድርቀሽ ሙቅ ሁኚ። ሹሩባውን ግን አጥብቀሽ አታሰሪ በዚህ ጊዜ። ዓመት ካለፈው ወይ በጣም ደክሞሽ ከገረጣሽ ደም ማነስና ታይሮይድ ይታይልሽ፣ ወሊድ ላይ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ብረት ሊያንሳት ይችላል እሱም ፀጉር ያረግፋል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ራሱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ተነቅሏል፣ ቅርፊት አለው ያሳክከዋል። ሙቀቱ ይገድለዋል ስላሉኝ ልጁ እየጮኸ እንኳ በጣም በሚሞቅ ውሀና በሳሙና እያሸሁ አጥበዋለሁ። ታናሽየዋም ላይ እየጀመራት ነው። (ከሳሙና በር ሰፈር)

መልስ፦ እህቴ ዛሬውኑ አቁሚ። የገለፅሽው ቆረቆር ይመስላል፣ ፈንገስ ነው፣ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ። የልጅ ቆዳ ሊችለው በሚችለው ሙቀት ይሄ ፈንገስ አይሞትም። ፈንገሱን የሚገድል ውሀ ልጁን አስቀድሞ ያቃጥለዋል፣ 60 ዲግሪ የሆነ ውሀ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ያቃጥላል፣ የልጅ ከዛም ይፈጥናል። ማሸቱ ደግሞ ያቆስለዋል ሌላ ባክቴሪያ ይጋብዛል።

የሚቀባ ነገርም ብቻውን አያድነውም፣ ሥሩ ውስጥ አይደርስማ። የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው፣ ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው አለ፣ በክብደቱ ተሰልቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንዳንዴም ከዛ በላይ ይሰጣል፣ ወተት ወይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሰራል። ስለዚህ ሁለቱንም ልጆች ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመሀል ፀጉሩ ቀድሞ ስለሚያምር መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፣ ብዙ እናት እዚህ ላይ ነው የምትተወው ከዛ ይመለሳል። ያበጠና መግል የያዘ እብጠት ካየሽ ግን ነገ አትበዪ፣ እንዲሁ ከተተወ ጠባሳ ይሆንና እዛ ቦታ ላይ ፀጉር ዳግም ላይበቅል ይችላል።

እስከዛ ለብ ባለ ውሀ በለስላሳ ሻምፖ እጠቢው። ሙቅ ውሀውን ከፈለግሽ ለዕቃው አድርጊው፣ ማበጠሪያውን፣ ኮፍያውን፣ ትራስ ልብሱን በፈላ ውሀ ዘፍዝፊ፣ እሱ በትክክል ይጠቅማል፣ ለቅማልና ለቅጫምም እንደዛው ነው፣ ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሀ ውስጥ ማበጠሪያው 10 ደቂቃ ሲቆይ ይሞታሉ። ፀጉር ቤት ስትወስጂው ማሽኑን አፅዱልኝ በዪ፣ አትፈሪ።

እንደው ምናልባት በውሀው ተቃጥሎ ከሆነም፣ ቅቤም ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አትቀቢው፣ ቀዝቀዝ ያለ ንፁህ ውሀ ለ20 ደቂቃ አፍስሺበትና ወደ ጤና ጣቢያ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ከፊት እየሸሸ ነው። ቀዝቃዛ ሻወር የደም ዝውውር ይጨምርና ፀጉር ያበቅላል የሚል ነገር አይቼ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ብቻ እየታጠብኩ ነው። ይሰራል?

መልስ፦ አይሰራም ወንድሜ። ቀዝቃዛ ውሀ የቆዳውን የደም ስር ሲነካው እንዲያውም ያጠበዋል፣ በኋላ ይመለሳል፣ ፀጉር ሲያበቅል ግን አልታየም። ያንተ አይነቱ ከዘርና ዲኤችቲ ከሚባለው የወንድ ሆርሞን የሚመጣ ነው፣ ውሀው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አይሰማውም። ቶሎ ከተጀመረ ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ያለውን ለማቆየት ይረዳል፣ ለወራት ያለማቋረጥ መቀባት ይፈልጋል፣ ሐኪም አማክረህ ጀምር። ቀዝቃዛ ሻወሩ ካነቃህ ግን ቀጥል፣ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ አዲስ ዓለም ነኝ። ጠዋት ታጥቤ ፀጉሬ ሳይደርቅ ሒጃብ አድርጌ ወደ ሥራ እወጣለሁ፣ ማታ ስፈታው ይሸተኛል ያሳክከኛልም። በሙቅ ብታጠብ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ውሀው አይደለም፣ እርጥበቱ ነው። ታፍኖ የዋለ እርጥብ ራስ ለፈንገሱም ለሽታውም ይመቻል፣ በሙቅ መታጠቡ ይሄን አይለውጠውም። ከመተኛትሽ ብዙ ቀደም ብለሽ ማታ ታጠቢ፣ ወይ በእረፍት ቀንሽ ቀን ላይ፣ በፎጣ ሳታሺ ጫን ጫን እያደረግሽ ውሀውን አውጪ፣ ፎን የምትጠቀሚ ከሆነ ለብታው ላይ አድርጊው። የውስጥ ማሰሪያውን ጥጥ አድርጊና በየቀኑ ቀይሪው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለጥምቀት ሹሩባ እሰራለሁ፣ ፋሲለደስ ስንሄድ ፀበሉ ይረጨኛል ሹሩባዬም ረጥቦ ይውላል። ከዛ ጉንፋን ይይዘኛል፣ ውሀው ይሆን? ፀጉሬስ ይጎዳል?

መልስ፦ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ከሰው ነው የሚተላለፈው፣ እዛ ደግሞ በጥር ብርድ ስንት ሺህ ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቆመው። ረጥቦ መዋል ያንቀጠቅጥሻል፣ ጉንፋኑን ግን ውሀው አልፈጠረውም። ፀጉርሽንም ቀዝቃዛው ውሀ አይጎዳውም። የሚጎዳው ሹሩባው ከመጠን በላይ ጠብቆ ከተሰራ ነው፣ ስትሰሪ ግንባርሽ ከተወጠረና ማታ ራስሽን ለመተኛት ካመመሽ፣ ሥሩ ላይ ደቃቅ እብጠት ከወጣ፣ ያን ጊዜ ለሠሪዋ ላላ አድርጊልኝ ማለት አለብሽ፣ ሲደጋገም ከፊት ያለው ፀጉር ላይመለስ ይሄዳል። በከተራም በጥምቀትም ቀን ደግሞ እርጥብ ነጠላ ራስሽ ላይ አስረሽ አትዋዪ፣ ቤት ስትገቢ በሹሩባው መስመር መሀል ያለውን ቆዳ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጊው፣ ፀሀይ ላይ ተቀመጪ። ለመታጠብ ሹሩባው እስኪፈታ መጠበቅ የለብሽም፣ በሳምንቱ ሻምፖውን በለብታ ውሀ አቅጥነሽ ጠርሙስ ላይ አድርጊና በመስመሮቹ መሀል አፍስሺ፣ በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ እሺው፣ በደንብ አለቅልቂው፣ እስኪደርቅም ሳትሸፍኚው ቆዪ።